የሚስቀው ፍሬ ከኢራናውያን ማዕድ ለምን ራቀ?

ዱባይ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ለእረፍት ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ጡብ የሚያካክሉ አራት ቸኮሌቶች ነበሩ። ያ በየስልካችን የምናየው "የዱባይ ቸኮሌት" ነው። ሲቆረስ ከውስጡ አረንጓዴ ነገር ይፈሳል። ቤተሰቡ እየተሻማ በላ። እሷ ግን ብዙም አልነካችም። "እኔ እኮ ፉስቱቅ ስፈለፍል ነው የምውለው፤ ዓይኔ ጠግቦታል" አለች።

ፉስቱቅ ማለቷ ፒስታቺዮ ነው፤ ጠንካራ ቅርፊት ያለው፣ ውስጡ አረንጓዴ የሆነ ፍሬ። ዐረቦቹ እንደዚያ ይሉታል። አሠሪዋ ግን ዐረብ አይደለችም። ወላጆቿ ከኢራን፣ ከከርማን አካባቢ የመጡ ናቸው። እሷ ዱባይ ተወልዳ ያደገች ናት። "ማዳምሽስ ይህን ቸኮሌት ትወደዋለች?" አልኳት። ሳቀች። "አንዴ ቀምሳ ምን አለች መሰለህ? ‘ፔስቴ ወጥ ነው እንዴ የሚፈሰው?’"

ይህቺ ንግግር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ዓለም ለፒስታቺዮ አብዷል። ክሬም ነው፣ ማኪያቶ ነው፣ ኬክ ነው፣ ሽቶ ሳይቀር ወጥቶለታል። ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው አገር ግን ለበዓል እንኳ መግዛት እየከበደው ነው። ፍሬው አልጠፋም። ዛፉም እዚያው ነው። ታዲያ ምን መጣ? ነገሩን ስከታተል ብዙ ክር ተመዘዘ። አንዱ ወጥ ቤት ይገባል፣ አንዱ ባንክ ቤት፣ ረጅሙ ደግሞ መሬት ውስጥ ዘልቆ የደረቀ ጉድጓድ ላይ ያቆማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስሙ። ፋርሶች "ፔስቴ" ይሉታል። ግሪኮች ከእነሱ ወስደው "ፒስታኪዮን" አሉት። ከዚያ በላቲን በኩል አውሮፓን አዳረሰ። ዐረቡም "ፉስቱቅ"ን ያገኘው ከዚያው ከፋርስ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም አለ። በዘፍጥረት 43፥11 ያዕቆብ ልጆቹን ወደ ግብፅ ሲልክ ካስያዛቸው እጅ መንሻ አንዱ በዕብራይስጡ "ቦትኒም" ይባላል። አብዛኞቹ ሊቃውንት ፒስታቺዮ ነው ይላሉ። ዛሬ እስራኤል ውስጥ ሱቅ ገብታችሁ ቦትኒም ብትሉ ግን የሚሰጣችሁ ኦቾሎኒ ነው። እኛም ያው ነን። የአሮን በትር ያፈራችው ለውዝ ሌላ፣ "የለውዝ ቅቤ" ብለን የምንገዛው ሌላ። እዚያም እዚህም ርካሹ የውዱን ስም ወርሶ ተቀምጧል።

ዛፉ ትዕግሥት ይጠይቃል። ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው፤ የሚያገናኛቸው ነፋስ ነው። ከተተከለ በኋላ ፍሬ ለማየት አምስት፣ ስድስት ዓመት ይፈጃል። ደህና ምርት ለማግኘት ደግሞ ዐሥር ዓመት መጠበቅ ነው። ክረምቱ በደንብ ካልበረደ በፀደይ አያብብም። አንድ ዓመት በብዛት ያፈራል፣ በሚቀጥለው ዓመት ያርፋል። ፍሬው ሲደርስ ውስጡ ያብጥና ጠንካራው ቅርፊት እዚያው ዛፉ ላይ እንዳለ በጫፉ ይሰነጠቃል። ኢራናውያን ይህን "ፔስቴ-ዬ ኻንዳን" ይሉታል፤ የሚስቅ ፒስታቺዮ ማለት ነው። በግጥማቸውም የቆንጆ አፍ በፒስታቺዮ ይመሰላል።

ያልሳቀው "ደሃን-ባስት" ነው፤ አፉ የተዘጋ። እሱ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ በእጅ ወይም በማሽን ይከፈታል። "አብ-ኻንዳን" ይሉታል፤ ውሃ ያሳቀው እንደ ማለት። ከርማን ውስጥ ይህን ሥራ በየቤታቸው በጉጠት የሚሠሩ ሴቶች ብዙ ናቸው። ዋጋው ታዲያ በራሱ ከሳቀው ያንሳል። ቀልድ ይመስላል፤ ነጋዴ ግን በፈገግታው ዓይነት ይከራከራል። መልኩም ዓይነት ዓይነት ነው። ክቡ "ፋንዶቂ"፣ ትልቁ "ካሌ-ቁቺ" ማለትም የአውራ በግ ራስ፣ ረጅምና ውዱ "አክባሪ"።

ቆሎአቸው

ኢራናዊ ቤት እንግዳ ሲመጣ ከሻይ ጋር "አጂል" ይቀርባል። አጂል ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ ቆሎአቸው ነው። የእኛ ገብስና ሽምብራ እንደሆነ ሁሉ የእነሱ ፒስታቺዮ፣ አልሞንድ፣ ካሹ፣ የተቆላ ሽምብራ፣ የዱባ ፍሬ፣ ዘቢብና የደረቀ በለስ ነው። በዓመቱ ረጅሙ ሌሊት፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ፣ "ያልዳ" የሚሉት በዓል አላቸው። ቤተሰብ አያት ቤት ይሰበሰባል። ሮማንና ሐብሐብ ይቆረጣል፣ አጂሉ መሀል ላይ ይቀመጣል፣ ግጥም እየተነበበ ይነጋል። ከዘመን መለወጫቸው ከኖውሩዝ በፊት ባለው የመጨረሻ ማክሰኞ ማታ ደግሞ እሳት ይዘላሉ። የዚያን ምሽቱ ቆሎ ስሙ ራሱ "ሞሽኬል-ጎሻ" ነው፤ ችግር ፈቺ። ኖውሩዝ ሲገባ ዘመድ ለዘመድ ቤት ለቤት ይዞራል። በየደረሱበት ቤት ሳሕኑ ይዘረጋል።

ሳሕኑ ላይ ደግሞ የታወቀ ጸባይ አለ። መጀመሪያ የሚያልቀው ፒስታቺዮው ነው። ሰው ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ትምህርት እያወራ ጣቱ ግን አረንጓዴውን ይለቅማል። ማምሻውን ሽምብራውና አፋቸውን የዘጉት ፒስታቺዮዎች ብቻ ይቀራሉ። በኢራን "ታሮፍ" የሚባል የይሉኝታ ሥርዓት አለ። እንግዳ እምቢ ይላል፣ ባለቤት ይለምናል፣ እንግዳ እንደገና እምቢ ይላል። ከእኛ "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" ጋር እህትማማች ነው። ባለቤት የሚለምነው ግን ሳሕኑ ላይ የሚለምንበት ነገር ሲኖር ነው። ፒስታቺዮ የሌለበት አጂል ማቅረብ ምን ያህል እንደሚያሳፍር ለመረዳት ለበዓል ዶሮ ያልሠራች እመቤት ፊት ማሰብ ነው።

ወጥ ቤት ስንገባ ፒስታቺዮው ቅርፁን ይለውጣል። የአክስቴ ልጅ ይህን ሥራ በደንብ ታውቀዋለች። ፍሬውን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ስሷን ቆዳ ማስወለቅ፣ ከዚያ ቁመቱን ይዞ እንደ ክር መክተፍ። "ኻላል" ይሉታል። ለዚህ የሚፈለገው ሙሉ በሙሉ ሳይበስል ቀደም ብሎ የተለቀመው ነው፤ አረንጓዴነቱ የሚያበራው እሱ ነው። ኢራናውያን ቀለሙን ራሱን "ፔስቴ-ኢ" ብለው ጠርተውታል። ለሠርግ የሚሠራ "ጀዋሄር ፖሎ" የሚባል ሩዝ አለ፤ የዕንቁ ሩዝ ማለት ነው። ቀይዋ ጎምዛዛ የዘሬሽክ ፍሬ እንደ ሩቢ፣ የብርቱካን ልጣጭና ካሮቱ እንደ ወርቅ፣ አልሞንዱ እንደ ሉል፣ የፒስታቺዮው ክር እንደ መረግድ ከላይ ይበተናል። "ሾሌ ዛርድ" የሚባል የሳፍሮን ሩዝ ገንፎ ደግሞ አለ። ስለት ያለበት ሰው በትልቅ ድስት ሠርቶ ለጎረቤት ያድላል። ከላዩ በቀረፋ ይጻፍበታል፤ ዳር ዳሩ ላይ ፒስታቺዮ ይደረደራል። አይስክሬማቸውም ሳፍሮን፣ የጽጌረዳ ውሃና ፒስታቺዮ ነው።

ጣፋጩ ላይ ስንደርስ ነገሩ በግልጽ ሂሳብ ይሆናል። ኢስፋሃን "ጋዝ" በሚባል ነጭ፣ የሚለጠጥ ጣፋጭ ትታወቃለች። ካርቶኑ ላይ ቁጥር ይጻፋል፤ 28 በመቶ፣ 40 በመቶ። ቁጥሩ ውስጡ ያለው የፒስታቺዮ ወይም የአልሞንድ መጠን ነው። ለአማትህ ስንት በመቶ ይዘህ እንደሄድክ ካርቶኑ ራሱ ይናገራል። እኔ እንዲህ ዓይነት ቅን ማሸጊያ ሌላ ቦታ አላየሁም።

የማዳሟ ነገር የገባኝ እዚህ ላይ ነው። እርግጥ ባቅላቫ ውስጥ ይፈጫል። ከርማኖችም "ቆቫቱ" የሚሉት፣ በሶአችንን የሚመስል ዱቄት አላቸው። አብዛኛውን ጊዜ ግን በኢራን ገበታ ላይ ፒስታቺዮ መታየት አለበት። ይቆጠራል፣ ይለቀማል፣ ይደረደራል። ቸኮሌቱ ውስጥ የገባው ሌላ ፍጡር ነው፤ ተፈጭቶ፣ ከዘይትና ከስኳር ጋር ተመትቶ የሚፈስ።

ቸኮሌቱና ሩዙ የተገናኙበት

የዱባይ ቸኮሌት ታሪክ አጭር ነው። ሳራ ሐሙዳ የተባለች እንግሊዛዊት-ግብፃዊት በ2021 ዱባይ ውስጥ ፊክስ የሚባል ድርጅት ከፈተች። ቸኮሌቱን በፒስታቺዮ ክሬምና ኩናፋ የተባለው የዐረብ ጣፋጭ በሚሠራበት ቀጭን የሊጥ ክር ሞላችው። በ2023 መጨረሻ አንዲት ሴት መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ስትበላው የሚያሳይ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጅ ወጣ። በዓመት ከምናምን ውስጥ የአውሮፓ ትልልቅ ቸኮሌት አምራቾች ሳይቀሩ ኮፒ አድርገውት ነበር።

በ2025 ጸደይ ፋይናንሺያል ታይምስ እንደዘገበው የተፈለፈለ ፒስታቺዮ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው) ከ7.65 ዶላር ወደ 10.30 ዶላር ወጣ። ኢራንም እስከ መጋቢት 2025 ባሉት ስድስት ወራት ብቻ ወደ ኤምሬቶች የላከችው ከዚያ በፊት በነበሩት 12 ወራት ከላከችው በ40 በመቶ በለጠ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ቸኮሌት ፋብሪካ የሚስቀውን ፒስታቺዮ አይፈልግም። ቅርፊቱን ምን ያደርግለታል? የሚፈልገው የተፈለፈለውን ነው። የተፈለፈለው ደግሞ በብዛት የሚገኘው ካልሳቀው ፍሬ ነው። በ2024 የአሜሪካ ምርት መጠኑ ቢያንስም ጥራቱ ጥሩ ነበር፤ ብዙው ሳቀ። ስለዚህ ለመፈልፈል የተረፈው ጥቂት ሆነ፣ ዋጋው ተተኮሰ። አሁን ወደ አንዲት ከርማናዊት እናት ወጥ ቤት እንሂድ። ለሩዟ፣ ለሾሌ ዛርዷ የምትከትፈው ምንድን ነው? ያው የተፈለፈለው። ድሮ ሁለተኛ ደረጃ ተብሎ ቤት ይቀር የነበረው ፍሬ ዛሬ ከቸኮሌት ፋብሪካ ጋር ጨረታ ላይ ተቀምጧል። ቸኮሌቱ ከሁሉም በላይ የተሻማው የሩዙን ጌጥ ነው።

ጨረታው ደግሞ በዶላር ነው። በ2015 ኢራን ከኃያላን አገሮች ጋር የኑክሌር ስምምነት ላይ ስትደርስ አንድ ዶላር በጥቁር ገበያ ወደ 33 ሺህ ሪያል (የኢራን ገንዘብ) ነበር። በ2025 ከ1 ሚሊዮን ሪያል አለፈ። ነጋዴው ፒስታቺዮውን ዱባይ ወስዶ በዶላር መሸጥ ከቻለ ለቴህራን ሰው በርካሽ የሚሸጥበት ምክንያት የለውም። ደሞዝ ግን በሪያል ነው የሚከፈለው። ስለዚህ ያልዳ በመጣ ቁጥር የኢራን ጋዜጦች አንድ ዓይነት ዜና ይዘው ይወጣሉ፦ ሰው አጂል በኪሎ መግዛት ትቶ በግራም ሆነ፤ ከፒስታቺዮው ይልቅ የሱፍ ፍሬው በዛ። ጥሩ ቡና ወደ ውጭ ሲጫን እያየ ተራፊውን ለቆላ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በኢራን ላይ የተጣለው ማዕቀብስ? ብዙዎቻችን ማዕቀብ ሲባል ዕቃው ራሱ የተከለከለ ይመስለናል። ምግብ ብዙውን ጊዜ አይከለከልም። የሚዘጋው ባንኩ፣ መድኅኑና መርከቡ ነው። ፍሬው ይሄዳል፤ ገንዘቡ ነው መንገድ ላይ የሚቀረው። ስለዚህ ዱባይና ቱርክ መሀል ገብተው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። አሜሪካ ብቻ ፒስታቺዮን በስሙ ጠርታ አንዴ ትዘጋዋለች፣ አንዴ ትከፍተዋለች። በ1986 ከ241 በመቶ በላይ ቀረጥ ጣለችበት። በ1987 ጭራሽ ከለከለች። በ2000 ከምንጣፍና ከካቪያር ጋር ፈቀደች፣ በ2010 ዘጋች፣ በ2016 ከፈተች፣ በ2018 እንደገና ዘጋች። ሌላው አስቂኝ ታሪክ የእስራኤል ነው። እስራኤላውያን ፒስታቺዮ በጣም ይወዳሉ። የኢራን ፍሬ በቱርክ በኩል ስሙን ለውጦ ይገባል እየተባለ አሜሪካኖች ለዓመታት ሲነጫነጩ ኖረዋል። ሁለት መንግሥታት በሚሳኤል እየተፈላለጉ የአንዱ ማሳ ፍሬ በሌላው ሳሎን ይቆረጠም ነበር ማለት ነው።

ዘጠኝ ኪሎ ፍሬ

ኢራን ለብዙ ዘመን በዚህ ንግድ ተወዳዳሪ አልነበራትም። ዛሬ አንደኛዋ አሜሪካ ናት። ነገሩ የጀመረው በ1929 ነው። ዊልያም ዋይትሀውስ የተባለ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የዕፅዋት ባለሙያ ፋርስ ገባ። ለወራት ከማሳ ማሳ ዞረ። 20 ፓውንድ ማለትም ዘጠኝ ኪሎ ያህል ፍሬ ይዞ ተመለሰ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተተከለ። ከበቀሉት ውስጥ አንዱ ዛፍ ብቻ ልዩ ሆኖ ወጣ። ዘሩ ከራፍሳንጃን የመጣ ነበር። ስሙን "ከርማን" አሉት። ካሊፎርኒያ ለረጅም ጊዜ ያመረተችው ፒስታቺዮ ከሞላ ጎደል የዚያ የአንድ ዛፍ ልጅ ነው።

እስከ 1970ዎቹ አሜሪካኖች የሚበሉት ፒስታቺዮ በብዛት ከኢራን ይመጣ ነበር። ቀይ ቀለም ተቀብቶ ይሸጥ ነበር፤ ምክንያቱም በእጅ ተለቅሞ ቶሎ ሳይላጥ የቆየ ቅርፊት ነጠብጣብ ያወጣል፤ ቀለሙ ያንን ይሸፍናል። ካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን የገበያ ምርት በ1976 ሰበሰበች። ሦስት ዓመት ሳይቆይ የኢራን አብዮት መጣ፣ ቴህራን ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ተያዘ፣ በሩ ተዘጋ። ለካሊፎርኒያ ገበሬ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አልነበረም። በ2023 ያመረቱት ወደ 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ደርሷል። የዓለምን ገበያ ከግማሽ በላይ የሚይዙበት ዓመት ብዙ ነው።

ኢራንን የጎዳት ፉክክሩ ብቻ አይደለም። ፍሬው እርጥበት ላይ ከቆየ ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። (በበርበሬና በኦቾሎኒ ምክንያት እኛም ይህን ስም እናውቀዋለን።) በ1997 የአውሮፓ ኅብረት በዚህ ምክንያት የኢራንን ፒስታቺዮ ለወራት አገደ። ዕገዳው ቢነሳም ምርመራው ጠበቀ። ሻጋታውን የሚያስቀረው ፍጥነት ነው፤ ከተለቀመ በአንድ ቀን ውስጥ ልጦ፣ አጥቦ ማድረቅ። ሰፊ ማሳና ማሽን ላለው ይህ ቀላል ነው። በውርስ እየተቆራረሰ ያነሰ ማሳ ላለው የራፍሳንጃን ገበሬ ግን ቀላል አይደለም።

ጉድጓዱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ራፍሳንጃን ከርማን ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለች የፒስታቺዮ ከተማ ናት። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሐሼሚ ራፍሳንጃኒ የተወለዱት እዚያው አካባቢ፣ ከፒስታቺዮ ገበሬ ቤተሰብ ነው። ቦታው በረሃ ነው። በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ቢያገኝ ነው። አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች። ታዲያ እዚህ በረሃ ላይ ያን ሁሉ ዛፍ ያጠጣው ማነው?

ድሮ ቃናት ነበር። ቃናት ማለት ከተራራ ግርጌ የውሃ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ከዚያ መሬት ውስጥ ለውስጥ በጣም ትንሽ እያዘቀዘቀ እስከ መንደሩ የሚሄድ ዋሻ ነው። ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛል። በየመሀሉ አፈር የሚወጣበትና አየር የሚገባበት ቀጥ ያለ ጉድጓድ አለ፤ ከአውሮፕላን ሲታይ የፍልፈል ጉብታ የተደረደረ ይመስላል። ሞተር የለም። ውሃው በራሱ ቁልቁል ይወርዳል። መንደሩ ውሃውን በሰዓት ይካፈላል፤ አንዱ ዛሬ ከጧት እስከ ቀትር፣ ሌላው ማታ። ዩኔስኮ በ2016 ከመዘገባቸው 11 የኢራን ቃናቶች አንዱ፣ ጎውሃር-ሪዝ፣ ከርማን አጠገብ ጁፓር ውስጥ ነው።

የቃናት ብልሃቱ ስስት አለማወቁ ነው። ዝናብ ሲያንስ ውሃው ያንሳል፤ ሰውም የማሳውን ልክ ያሳንሳል። ከመሬቱ ተቀማጭ መበደር አይቻልም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን የሞተር ፓምፕ መጣ። ፓምፕ አይጠይቅም፤ ይስባል። ጉድጓድ በጉድጓድ ላይ ተቆፈረ፤ ፈቃድ ያለውም የሌለውም። የከርሰ ምድሩ ውሃ ወረደ፣ ቃናቶቹ ደረቁ። ጉድጓዱ ይበልጥ ጠለቀ። በጠለቀ ቁጥር ውሃው ጨው ሆነ።

እዚህ ላይ የፒስታቺዮው ጥንካሬ ራሱ መዘዝ ሆነ። ሌላ ሰብል ቢሆን በጨዉ ተሸንፎ ይሞት ነበር፤ ገበሬውም ያኔ ይነቃ ነበር። ፒስታቺዮ ግን ጨው ይችላል። እየቀጨጨም ቢሆን ያፈራል። በዚህ ምክንያት ሰዎቹ ማቆም ከነበረባቸው ጊዜ በኋላ ብዙ ዓመት ቀጠሉ።

አሁን መሬቱ እየሰመጠ ነው። ውሃው ሲወጣ ታችኛው አፈር ይጨመቃል፤ አንዴ ከተጨመቀ ዝናብ ቢመጣም ያንን ያህል ውሃ መልሶ አይይዝም። በሳተላይት የተደረጉ ጥናቶች ራፍሳንጃን አጠገብ መሬቱ በዓመት ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚወርድበት ቦታ እንዳለ ያሳያሉ። አንድ ማስመሪያ ሙሉ፣ በየዓመቱ። መንገድ ይሰነጠቃል፣ የጉድጓዱ ብረት ከመሬት በላይ ብቅ ብሎ ይቀራል። የደረቁ የፒስታቺዮ ማሳዎች ለማገዶ ተቆርጠዋል። አቅም ያለው ገበሬ ወደ ኾራሳንና ወደ ፋርስ ክፍለ ሀገር ሄዶ እዚያ ቆፍሯል። ችግሩንም ይዞት ሄደ ብል ማጋነን አይሆንም።

ለምን አይተዉትም? እኔም መጀመሪያ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። ስንዴ ቢሆን አንድ ዓመት አለመዝራት ይቻላል። ዛፍ ግን አይቆምም፤ ካላጠጣኸው የዐሥር ዓመት ልፋትህ ይሞታል። ደግሞም ውሃው የጋራ ነው። እኔ ብቆጥብ ጎረቤቴ ይስበዋል። ለፓምፑ የሚከፈለው መብራት በመንግሥት ድጎማ ርካሽ ነው። ከሁሉም በላይ ሪያል በየቀኑ በሚቀልጥበት አገር ፒስታቺዮ ዶላር ነው። ባንክ የማያምን ሰው መጋዘን ውስጥ ጆንያውን እንደ ወርቅ ያስቀምጠዋል። "አረንጓዴው ወርቅ" የሚሉት በከንቱ አይደለም። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ሆኖ ውሃ አልስብም የሚል ገበሬ ጻድቅ ነው፤ ጻድቅ ደግሞ ብዙ የለም።

የዓለም አማካይ ስሌት እንደሚለው አንድ ኪሎ ፒስታቺዮ ለማምረት ከ10 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ይፈሳል። ዝናብ በሌለበት ራፍሳንጃን ያ ውሃ ከከርሰ ምድር ነው። በየጆንያው ወደ ዱባይ የሚሄደው ሺህ ዓመት የተጠራቀመ ውሃ ነው ብል ከእውነቱ ብዙም አልርቅም። ካሊፎርኒያም ብትሆን ንጹሕ አይደለችም። የሳን ዋኪን ሸለቆም እየሰመጠ ነው። እዚያ ግን በ2014 የከርሰ ምድር ውሃን የሚገድብ ሕግ ወጥቷል፤ ቀስ ብሎም ቢሆን ማሳ ማሳነስ ጀምረዋል። አየሩም ለሁለቱም አልተመቸም። በ2015 ካሊፎርኒያ ክረምቱ ሞቆባት ምርቷ ግማሽ ያህል ወደቀ። በ2018 ደግሞ የኢራንን አበባ የፀደይ ውርጭ መታው።

2025 ለኢራን ሁሉም የተደራረበበት ዓመት ሆነ። በሰኔ ከእስራኤል ጋር 12 ቀን ተዋጋች። በመስከረም የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ተመለሰ። በኅዳር ፕሬዚዳንት ፔዜሽኪያን ዝናብ ካልመጣ ቴህራንን ለቅቆ መውጣት ሊያስፈልግ ይችላል ብለው ተናገሩ። ከአገሪቱ ውሃ 90 በመቶ ያህሉን የሚጠጣው እርሻ ነው። መንግሥት ዶላር ሲያጣ ፒስታቺዮውን ላክ ይላል፤ ውሃ ሲያልቅ ጉድጓዱን ዝጋ ይላል። ገበሬው የትኛውን ይስማ? እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ዶላሩን እሰማ ነበር፤ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ በውሃ አይከፈልም።

ባለፈው ሳምንት ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ስለዚህ ጽሑፍ ነገርኳት። የማዳሟ አጎት ራፍሳንጃን አጠገብ ማሳ ነበረው። በየዓመቱ በመከር፣ በሴፕቴምበር፣ በሰው በሰው አንድ ጆንያ ይልክላቸው ነበር። ትኩሱ ሲመጣ ሐምራዊ ለስላሳ ልጣጩን በእጃቸው እየላጡ ይበሉታል። ዘንድሮ የመጣው አንድ ፌስታል ነው። ማዳሟ ቀሪውን ሱፐርማርኬት ሄዳ ገዛች። ማሸጊያውን አገላብጣ ስታነብ የካሊፎርኒያ ነው።

"ታዲያ ምን አለች?" አልኳት።

"ምንም። ፌስታሉን ለያልዳ ብላ ከፍሪጁ ውስጥ ጥግ ላይ አስቀመጠችው። ለሩዝ የምከትፈውን ድሮ በእፍኝ ነበር የምትሰጠኝ። አሁን በማንኪያ ሆኗል፤ ቆማ ነው የምትቆጥረው።"